ከጠዋቱ ጀምረው ይንገሩኝ

አንቴ፣ የኔ ሹፌር፣

«ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ብዬ ልጀምር አልሁና እጄን መለስሁ። የሞተ ሰው ጤናው አይጠየቅም። እኔስ ደኅና ነኝ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። አንተ ግን ፊቴን ሳታይ አታምነኝም ነበር። ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው መስቀል መጥቶ ሄደ። ሙት ዓመትህን በወጉ አወጣን፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ጎረቤቱ በላ ጠጣ፣ ድንኳኑ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ በራችንን አዘውትሮ የሚያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ እንደነበረች ናት። ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ባጃጁ በዝቷል፣ መንገዱ ተቆፍሮ እንደገና ሳይደፈን ይከርማል። ሚኒባስህን የአክስትህ ልጅ ይዟታል። ወደ ደብረ ወርቅ ሲወጣ ካንተ እንደተማረው በራችን ላይ ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። ለሰላምታ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጁም ክፋት የለበትም፤ እኔ ግን አሁንም ብድግ እላለሁ። ከተነሣሁ በኋላ እንዲሁ ላለመቀመጥ አንድ ነገር እንደፈለገ ሰው ጓዳ ገብቼ እወጣለሁ።

ከሁሉ የጎደለኝን ልንገርህ? በስሜ የሚምል ሰው ነው። አንተ ለትንሹም ለትልቁም «የሺ ትሙት!» ማለት ልማድህ ነበር። ትራፊክ አስቁሞ «ትርፍ ጭነሃል» ሲልህ «የሺ ትሙት አልጫንሁም!» ትላለህ፣ ከኋላ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሳለ። እኔም «በኔ ላይ ቀልድ! አንድ ቀን ይይዘኛል» እያልሁ እቆጣህ ነበር። እውነቱን ግን ታውቀዋለህ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው የሚምለው በሚሳሳለት ነው እንጂ በማይወደው አይደለም። እናቴም አባቴም አስቀድመው ሄደዋል፣ ልጅ አልወለድንም። በዚህ ከተማ በኔ ሞት ምሎ የሚታመን ሰው የለም ማለት ነው። ይህ ማታ ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ መሐል ቲማቲም ስመርጥ ነው ትዝ የሚለኝ፤ ባለቲማቲሟ በልጇ ስትምልልኝ።

ጎረቤት ብርቱ ሴት ነሽ ይለኛል። «አንቺማ የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ» ይሉኛል። ምኑን ነው የማውቀው? ሐዘን በዲግሪ የሚቀል መስሏቸዋል መሰል። አሁንም «ዶክተር» ብለው ይጠሩኝና ያበጠ ጉልበት፣ የሚያሳክክ ዓይን ያሳዩኛል። አንተ በነበርህ ጊዜ «የሷ ሕክምና ከሞቱ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ቀድማችሁ አትምጡ» ብለህ በሳቅ ትሸኝልኝ ነበር። አሁን ራሴ ላስረዳ ስሞክር የተኮፈስሁ እየመሰልሁ ተቸግሬአለሁ።

እውነትህን ነበር ግን። የኔ ሥራ ከሞቱ በኋላ ነው የሚጀምር። በገጠሩ ሰው ቤቱ ይሞትና ሐኪም ሳያየው ይቀበራል፤ እኔ ደግሞ ወራት ቆይቼ ሄጄ፣ ያስታመሙትን ጠይቄ፣ ከነገሩኝ ተነሥቼ ምን ገደለው የሚለውን ለማወቅ እጥራለሁ። ለዶክትሬት ያጠናሁት ይህንኑ ነው። ስትሰማ መጀመሪያ «እንዴ፣ ደብተር ይዛ ለቅሶ የምትደርስ ሚስት!» አልህ። ይህን ስም አወጣህልኝና በመነኻሪያው ሁሉ ተሰራጨ።

የመጀመሪያውን ቤት ታስታውሳለህ? ከደብረ ወርቅ ወዲያ፣ መኪናህ ከማትደርስበት፣ አውርደኸኝ በእግር የሄድሁበትን። አንዲት እናት ልጃቸው ሞቷል። ለቅሶ የመጣሁ መስሏቸው አጎዛ አነጠፉልኝ፣ ንፍሮ አቀረቡልኝ። እኔም ንፍሮውን እየቆረጠምሁ ከወረቀቴ ጠየቅሁ። ትኩሳት ነበረው? ነበረው። ሳል ነበረው? ነበረው። እግሩ አብጦ ነበር? አብጦ ነበር። ወባ፣ ተቅማጥ፣ ውጋት፣ የጠየቅሁት ሁሉ ነበረው። እንግዳን እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው እኮ ነው! የፈለግሁትን ሁሉ እሺ አሉኝ። መኪና ውስጥ ያገኘሁትን ባነብልህ መሪውን ይዘህ እስክትንፈራፈር ሳቅህ። «ይህ ሰውዬ አንድ ሞት አልበቃውም?» አልህ። እኔ አኩርፌ እስከ ብቸና ድረስ አላናገርሁህም።

አማካሪዬም እንዳንተ ሳቁ፣ ብቻ የሳቸው ሳቅ በቀይ ቀለም ነበር። በጽሑፌ ዳር ዳር «ይህን በምን አወቅሽ?» እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ሌላ ነገር አይጽፉም። ገጹን በገለጥሁ ቁጥር ያችው ጥያቄ ትጠብቀኛለች። አልቅሻለሁ፣ ልተወው ብያለሁ፣ አንተም «ተይዋ፣ ረዳት አርጌ እቀጥርሻለሁ» ብለኸኛል። ከጊዜ በኋላ ግን ጥያቄዋ ከወረቀቱ ወጥታ ቤታችን ገባች። «ነዳጅ ሊጠፋ ነው» ትለኛለህ፤ «በምን አወቅህ?» እልሃለሁ። «የሺ ትሙት!» ትላለህ። ለኔ ማስረጃ የሚባለው ነገር ያንተ መሐላ አይደለም ብል የሚሰማኝ አልነበረም። «ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ከየት ይምጣ፣ ሚስቴን አስይዤ!» ትል ነበር።

ቀስ በቀስ መጠየቅ ተማርሁ። ወረቀቱን አጥፎ መያዝ፣ መጀመሪያ ለቅሶውን መቀመጥ፣ ከዚያ «እስኪ ከጠዋቱ ጀምረው ይንገሩኝ» ብሎ አፍን መዝጋት። ከጠዋቱ ማለት ሕመሙ ከጀመረበት ማለዳ ነው። መልሱን ከጥያቄው ጋር አጣብቄ አለማጉረስ፣ ዝምታው ቢረዝም እንኳ በራሴ ወሬ አለመሙላት። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነበር። አንተማ «ስምንት ዓመት ለምኜ ያቃተኝን ዩኒቨርሲቲው በአንድ ክረምት አደረገው፣ አፏን ዘጋልኝ» እያልህ ለተሳፋሪ ሁሉ ታወራ ነበር። ሰው ግን ዝም ሲሉት እንዴት ይናገራል መሰለህ! ስለ ሟቹ ከዳር እስከ ዳር ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ስንት ሰዎች አገኘሁ። ጎረቤቱ ሁሉ «በቃ፣ አይዞህ፣ አታንሣው» ነው የሚላቸው። ነግረውኝ ሲጨርሱ «ጎሽ፣ ቀለል አለኝ» የሚሉኝ ነበሩ፣ ምንም ሳልሰጣቸው።

መመረቂያዬንም አልረሳውም። ፈታኞቹ ፊት ቆሜ አንደኛው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እውነተኛው መልስ አላውቅም ነበርና «አላውቅም» አልሁ። ከኋላ ተቀምጠህ ነበር፣ በሠርጋችን ሱፍ። ፊትህ ሲገረጣ አየሁት። ካለፍሁ በኋላ መኪና ውስጥ ገብተን እንኳ ላብህ አልደረቀም። «እኔ እንኳ ለተሳፋሪ መንገዱን አላውቅም ብዬ አላውቅም፣ አንቺ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት!» አልኸኝ። አላውቅም ማለትን ለመማር ነው እኮ ይህን ሁሉ ዓመት የደከምሁ ብልህ «ታዲያ እኔ ጋ በነጻ ትማሪው ነበር» አልህ። ጭቅጭቁ እስከ ራታችን ቆየ።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ለወሬ አይደለም፣ አንቴ። ያች እውቀት ለራሴ ቤት ሳትሆን አንድ ዓመት ስለከረመች ነው።

ያን እሑድ እኔ ባሕር ዳር ስልጠና ላይ ነበርሁ። ጎረቤታችን ደውሎ «አንተነህን ትንሽ አሞታል፣ ነይ» አለኝ። በኛ አገር እንዲህ ተብሎ የተጠራ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ያም ሆኖ «ትንሽ» የምትለውን ቃል ይዤ መጣሁ። ድንኳኑን በራችን ላይ ሳየው ጣልኋት። ምን ሆኖ ነው ብዬ ብጮህ «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉኝ። ሐኪም አላየህም፣ በማግሥቱ ተቀበርህ። ካንተ ጋር የነበሩት እናትህ ብቻ ናቸው፤ ለመስቀል ከዲማ መጥተው እንደሰነበቱ። እሳቸውን ስጠይቃቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ዝም አሉ። እኔም ሐዘን ነው ብዬ ተውሁ።

ዝምታው ግን ለቅሶው ካለፈ በኋላም አልተፈታ። ወደ ዲማ አልመለስም ብለው እኔው ጋ ቀሩ፤ በጎጆዬ የተረፈው ሰው እሳቸው ናቸው። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ይመለሱና በሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። እህል በግድ ነው የሚቀምሱት፤ መቀነታቸው ዞሮ ዞሮ አያልቅም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቤት፣ ጠዋት «እንደምን አደሩ»፣ ማታ «ደኅና ይደሩ»። የብዙ ሰው የመጨረሻ ሰዓት በእጄ አለ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ምን ብለው እንደሞቱ አውቃለሁ። ያንተን አላውቅም። የሚያውቁት አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ እኔም ጥያቄ ሥራዬ ነው፣ ግን አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። እየመነመኑ መሄዳቸውን ሳይ ደግሞ ፈራሁ። እሳቸውም ይዘውት ሊሄዱብኝ ነው፣ እኔም ብቻዬን ልቀር ነው አልሁ።

ሁለት ነገር ታዝቤ ነበር። አንደኛው የፌጦው ጣሳ ነው። ከዲማ ሲመጡ ያመጡት፣ ለሆድ ቁርጠትም ለምችም ለሁሉም የሚያዙት ፌጦ ከመደርደሪያው ጠፍቷል። ሁለተኛው እናትህ መማል መተዋቸው ነው። አንተ መሐላውን ከማን ወረስኸው? «አንተነህ ይሙት!» ሳይሉ አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርሱ ሴት አልነበሩ? ጎመን ሲገዙ አንተነህ ይሙት፣ እንግዳ ብላ ብለው ሲያስጨንቁ አንተነህ ይሙት። አሁን በማርያምም፣ በጊዮርጊስም አይምሉም። መሐላው ባለቤቱ ስለሞተ ነው ብዬ አለፍሁት።

ስለ ፌጦው ግን አሰብሁበት። ያመመህ ሆድህን ነው ሲባል ጎረቤቶች ሰምተዋል፤ ፌጦ ሰጥተውህ ይሆናል፤ ፌጦው ገደለው ብለው ይሆናል ራሳቸውን የሚበሉት። አገኘሁት አልሁ። ከሙት ዓመትህ በኋላ አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ተቀምጬ እንደ ትልቅ ሐኪም አስረዳሁ። ፌጦ ሰው አይገድልም እማማ፣ ስለ ፌጦው ከሆነ የሚጨነቁት ይተዉት፣ እኔ አውቃለሁ አልሁ። ቀና ብለው አዩኝና «ስለ ፌጦ ማን አነሣብሽ?» አሉ። ተነሥተው ገቡ። ጉዳዩን እኔው ጠይቄ እኔው መልሼ ተነሣሁ። ንፍሮ እየቆረጠምሁ «ትኩሳት ነበረው?» ካልሁበት ቤት በምን ተሻልሁ? «በምን አወቅሽ?» የሚለው ቀይ ቀለም ዓይኔ ላይ መጣ።

በሌላው ቀን፣ የማርያም ዕለት፣ ከቅዳሴ ተመልሰው መደቡ ላይ ምስር ይለቅማሉ። እኔም ሰፌዱን በመሐላችን አስተካክዬ አብሬ መልቀም ጀመርሁ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይላላል፣ ይህንም በሥራዬ ነው ያየሁት። ፊታቸውን አላየሁም። «እማማ፣ ያን እሑድ እስኪ ከጠዋቱ ጀምረው ይንገሩኝ» አልሁ። ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። ጠጠር ለይቼ ጣልሁ፣ ሌላ ጠጠር ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ ልናገር ብዬ ምላሴን ነከስሁ።

ከብዙ በኋላ «ጠዋትማ ደኅና ነበር» አሉ።

ነገሩኝ፣ አንቴ። ከቅዳሴ መጥተህ በርበሬ የበዛበት ሽሮ ጠይቀህ እንደበላህ። መኪናዋን እያጠብህ እንዳንጎራጎርህ፣ ውኃ ረጭተሃቸው እንደሸሹህ። ከዚያ ባልዲውን አስቀምጠህ የደረትህን ሥር ይዘህ እንደተቀመጥህ፣ ላብ እንዳጠመቀህ። እሳቸውም ቁርጠት ነው ብለው ፌጦ ወቀጡ፣ በሎሚ በጠበጡ። እዚህ ላይ ቆሙ። እጃቸው ሰፌዱ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ነጠላቸው ወደ አፋቸው ሊሄድ ተነሥቶ ተመለሰ።

«አፍንጫውን ይዞ ‹ይህን ከመዋጥስ ሞት ይሻለኛል› አለኝ። እኔ ደግሞ ‹ሙታ እንግዲያው!› አልሁት።»

በሳቅ ነው ያሉህ። በሳቅ እንደሆነም ነገሩኝ፤ አንተም እንደሳቅህ፣ በአንድ ትንፋሽ እንደጨለጥኸው። ከዚያም «ተሻለኝ» አልህ። ብርጭቆውን ስትመልስላቸው ደግሞ «የሺ ብትኖር ‹በምን አወቅህ?› ትለኝ ነበር» ብለህ፣ ይህችኑ መደብ ላይ ጋደም ብለህ፣ ፀሐዩን በጋቢህ ከለልህ። እንቅልፍ የወሰደህ መስሏቸው ዝንብ ሲያባርሩልህ ቆዩ።

እናትህ አለቀሱ። «ዕድሜዬን ሙሉ ይሙት ስል፣ ጎመን ልገዛ ስጠራው፣ ነገር ላሳምን ስጠራው፣ ሞት በሩቅ ይሰማኝ ኑሯል። የዚያን ዕለት ሙት ብዬ ለራሱ ለሞት ነግሬ ሰጠሁት። የናት አፍ ነው የገደለው ልጄን» አሉ። እንግዲህ ዓመት ሙሉ በጎናቸው ይዘውት የዞሩት ይህን ነበር። እኔ በፌጦ ላይ ቆሜ አስተምራለሁ!

ቀና ብለው «አንቺ ሰው የሚሞትበትን የተማርሽ ነሽ፣ ምንድን ነው የገደለው?» አሉኝ። አንቴ፣ እመነኝ፣ ውሸት አፌ ላይ መጥታ ነበር። የልብ ነው፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ነው፣ ማንም አያድነውም ልላቸው እችል ነበር። ማን ይመረምረኛል? በዚያች ሰዓት ግን ፈታኙ ፊት እንደቆምሁ ሆነብኝ፣ አንተም ከኋላ በሠርግ ሱፍህ የተቀመጥህ መሰለኝ። «ልብ ይመስለኛል እማማ፣ ግን አላውቅም» አልሁ። «ሐኪም ቤት ቢወስዱትስ ይተርፍ ነበር?» አሉ። ይህች ከሁሉ የከፋችው ናት። «አላውቅም» አልሁ። እኔም ዓመት ሙሉ ሳመላልሳት የኖርኋት ጥያቄ ናት፤ አብረን አለቀስን።

ቆይቼ፣ «ስለ ቃሉ ግን ልጠይቅዎት» አልሁ። አማካሪዬ ሌላም ያስተማሩኝ ነበረ፤ አንድ ነገር ገደለ ከማለት በፊት ያ ነገር ደርሶባቸው ያልሞቱትን ሄደሽ ቁጠሪ የሚል። መቁጠር አላስፈለገኝም። አንተነህ ልጅ ሳለ ሙት ብለውት ያውቃሉ ወይ አልኋቸው። «እኸ! ምን ያለ ጥያቄ ነው? ያ እንቅልፍ የማይሰጥ ልጅ፣ ዛፍ ላይ ሲወጣ ሙት፣ ወተት ሲደፋ ሙት፣ ጥጃ ሲፈታ ሙት።» በገበያስ? «በገበያማ ምኑ ቅጡ፣ ገና በአንቀልባ ሳለ በሱ ነው የምለው።» የጎረቤት ሴቶችስ? «ሁሉም በልጁ ነው የሚምለው።» ልጆቻቸውስ ሞቱ? በዚያው ሰዓት ከአጥር ወዲያ አንዷ «ድፍት በል አንተ ልጅ!» እያለች ታባርራለች፣ የሚባረረው ይስቃል። እናትህ ወደ አጥሩ አዩ። ቆይተው ቆይተው «እንዲህማ ከሆነ ሙት እያልሁት ነው ያደገው በይኛ» አሉ። ከዚያ ሳቅ መሰል ነገር ወጣቸው፣ ከለቅሶው ጋር ተደባልቆ። «ሙት እያልሁት፣ የኔ ዓለም፣ ይህን የሚያህል ሹፌር ሆነ።»

እንደማያምኑኝ ፈርቼ ነበር፤ ምራታቸው ነኝና የምላቸው ሁሉ ለማጽናናት ሊመስላቸው ይችላል። እሳቸው ግን ምስሩን እየሰበሰቡ «የማታውቂውን አላውቅም ካልሽኝ፣ አውቃለሁ ያልሽውን አምንሻለሁ» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርሁት ለዚህች ቀን ይሆን አልሁ። ያን ዕለት ምስሩን ሠራሁት፣ እሳቸውም በሉ፤ ትንሽ ጨምሪልኝ አሉ። ፌጦው ግን አልተመለሰም፣ እኔም አላነሣውም።

እኔም ያንተን የመጨረሻ ሰዓት አገኘሁ። የሐዘኑ መጠን አልቀነሰም፣ ይህንን ልዋሽህ አልፈልግም። ራት ሳቀርብ አሁንም ሦስት ሳሕን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ። ግን ውኃ እንደረጨህ አውቃለሁ። እንዳሾፍህብኝ አውቃለሁ። «በምን አወቅህ?» የሚለው ጭቅጭቃችን እስከ መጨረሻው አብሮህ እንደነበረ አውቃለሁ። እኔ በሌለሁበት ስሜን ጠርተህ ነው የተኛኸው።

ደብዳቤውን ዛሬ ያስጻፈኝ ግን የቅዳሜው ነገር ነው። ከሥራ ስመለስ እናትህ በር ላይ ቆመው ከጎመን ሻጯ ጋር ይከራከራሉ። ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው። ሴትዮዋ ዋጋዬ ይህ ነው አለች። እናትህም ጎመኑን ወደ ቅርጫቱ እየመለሱ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ «የሺ ትሙት ከዚህ አልጨምርም!» አሉ።

ከባጃጁ ወርጄ መንገድ ዳር ቆምሁ። ሴትዮዋ ወዲያው ቀነሰች፤ እንዲህ ያለውን መሐላ ማን ይጠራጠራል? እናትህ ዞረው ሲያዩኝ አፍረው አፋቸውን ያዙ። «ምን አፍ ነው የኔ፣ ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ። «ይማሉብኝ እማማ፣ ይማሉብኝ» አልኋቸው። ጎመኑን ተቀብዬ እየቀደምሁ ገባሁ፣ ፊቴን እንዳያዩት።

እንግዲህ አንቴ፣ የሚምልብኝ አገኘሁ። አንተ ግን ከእንግዲህ ይሙት ተብሎ አይማልብህም፤ የሞተ ሰው መሐላው ሌላ ነው። እሱንም አላጎድልብህም። ማስረጃሽ ምንድን ነው፣ በምን አወቅሽ የሚለኝ ቢመጣ እንዳንተው በመሐላ እመልስለታለሁ።

አጥንትህ ይውጋኝ አንቴ፣ አልረሳህም።

ያንተው የሺ